በመቅደላ ሜዳሊያ ጀርባ ላይ ያለው ስም

በእንግሊዝ አገር የጨረታ ቤቶች በየጊዜው ለሽያጭ የምትቀርብ አንዲት ትንሽ የብር ሜዳሊያ አለች። ከፊቷ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል አለ። ምስሉን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ከቦታል፤ በጫፎቹ መካከል የተቀመጡት ዘጠኝ የላቲን ፊደላት ሲገጣጠሙ «አቢሲኒያ» የሚለውን ቃል ይሰጣሉ። ከጀርባዋ ደግሞ ሜዳሊያው የተሸለመው ወታደር ስምና የጦር ክፍሉ ይነበባል። ስሙ ብዙ ጊዜ የእንግሊዛዊ ወይም የአየርላንዳዊ ነው። አንዳንዴ ግን «ኻን»፣ አንዳንዴም «ሲንግ» የሚል ስም እናገኛለን። ይህ ሰው ከህንድ ተጭኖ መጥቶ በእኛ ምድር ላይ፣ በወሎ ተራሮች ላይ፣ ለሌላ አገር ንግሥት የተዋጋ ሰው ነው።

ይህቺን ሜዳሊያ ዛሬ ያነሳናት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመቅደላ የተዘረፉ ቅርሶች ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ባለፉት ዓመታት ጉልበት አግኝቷል፤ ፍሬም ማፍራት ጀምሯል። በዚህ ሁሉ ውይይት ውስጥ ግን ሁለት ወገኖች ጎድለዋል ብለን እናምናለን። አንደኛው ዘመቻውን በትከሻው ተሸክሞ የመጣው ህንዳዊ ነው። ሁለተኛው ዘመቻው ያበቃበት ምድር ባለቤት የሆነው የወሎ ሙስሊም ነው። የሁለቱን ጉዳይ አንድ ላይ ማየት ለዛሬ ክርክራችን የሚጠቅም ነገር አለው።

ዘመቻው የማን ነበር?

ታሪኩን ሁላችንም በጥቅሉ እናውቀዋለን። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ሳያገኙ ጊዜ አለፈ፤ ንጉሡ ተቆጥተው የእንግሊዙን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ለንደን ጦር ለመላክ ወሰነች። በትምህርት ቤት «የእንግሊዝ ጦር መጣ» ተብለን ነው የተማርነው። አባባሉ ትክክል ቢሆንም ግማሹን ብቻ ይናገራል።

ዘመቻው የተደራጀው ከቦምቤይ ነው። አዛዡ ሰር ሮበርት ናፒየር የቦምቤይ ሠራዊት ዋና አዛዥ ነበር። ወደ 13,000 ከሚጠጉት ወታደሮች መካከል ትልቁ ክፍል ህንዳውያን ነበሩ። ከፑንጃብ የመጡ ሲኮች፣ የባሉች እግረኞች፣ የሲንድ ፈረሰኞች፣ የቤንጋል ጦረኞች፣ የማድራስና የቦምቤይ መሐንዲስ ወታደሮች ነበሩበት። በተለይ በባሉችና በሲንድ ክፍሎች ውስጥ ብዙ ሙስሊሞች አገልግለዋል። ከወታደሮቹ በተጨማሪ ወደ 26,000 የሚሆኑ በቅሎ ነጂዎች፣ ውሃ ቀጂዎች፣ ምግብ አብሳዮችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ከ40,000 በላይ እንስሳት ተጓጉዘዋል፤ ከነዚህ ውስጥ 44ቱ ከባድ መድፍ የሚሸከሙ የህንድ ዝሆኖች ነበሩ። በዙላ ወደብ መርከብ ማራገፊያ ተሠራ፤ ከባህሩ ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ከዚያ እስከ መቅደላ ያለውን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ እየጠረጉ ጦሩን ያሳለፉት በአብዛኛው የህንድ እጆች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ከየት ነው የመጡት? ሲንድ በእንግሊዝ የተያዘችው በ1843 ነው፤ ፑንጃብ በ1849። በ1857 የህንድ ወታደሮችና ሕዝብ በእንግሊዝ ላይ ታላቅ አመፅ አንሥተው በደም ተደፈቀ። የመጨረሻው የሙጋል ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፋር ወደ ራንጉን ተግዞ እ.ኤ.አ. በ1862 በግዞት ሞተ። ናፒየር ራሱ ከሲኮች ጋር በተደረጉት ጦርነቶችም ሆነ አመፁን በመደፍጠጥ ተሳትፏል። እንግዲህ አስተውሉ፤ አመፁ ከተደፈቀ ገና አሥር ዓመት ሲሞላው፣ የተሸነፈ ሕዝብ ልጆች ሌላውን ለማሸነፍ በመርከብ ተጫኑ። አገራቸውን የወሰደባቸው ኃይል የሌላ አገር ሰው ላይ ሲያዘምታቸው ለምን እንደሚዋጉ የጠየቃቸው አልነበረም።

ወጪውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ዘመቻው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። ተጨማሪውን ወጪ የእንግሊዝ መንግሥት ሲከፍል፣ የህንድ ወታደሮቹ መደበኛ ደመወዝ ግን ከህንድ ግምጃ ቤት እንዲወጣ ተወሰነ። ማለትም የህንድ ገበሬ ኢትዮጵያን ለማያውቅበት ጦርነት ግብር ከፈለ።

እኩል ያልነበረ ጦር፣ እኩል ያልሆነ ሽልማት

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የቴዎድሮስ ጦር ከአምባው ወርዶ ገጠመ። ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁት በዚያ ቀን ነው። በእንግሊዞቹ ግምት ከእኛ ወገን ወደ 700 ሰው ሞቷል፤ ወደ 1,200 ቆስሏል። ከነሱ ወገን ወደ 20 ሰው ቆስሎ ሁለቱ ሞቱ። ይህ ልዩነት የጀግንነት ልዩነት አይደለም፤ የመሣሪያ ልዩነት ነው። የእንግሊዝ እግረኞች ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ይዘው ነበር።

ነገር ግን በዚያው ጦር ውስጥም ልዩነት ነበር። ከነሱ ጎን የቆሙት ሲኮች የያዙት ከአፈሙዝ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ ስለዚህ ከቴዎድሮስ ወታደሮች ጋር በሳንጃ ደረት ለደረት ተጋጠሙ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አልነበረም። ከ1857ቱ አመፅ በኋላ የህንድ ወታደር ከእንግሊዛዊው አንድ እርምጃ ያነሰ መሣሪያ እንዲይዝ፣ መድፉም በአብዛኛው በነጮች እጅ እንዲቆይ የተያዘ ፖሊሲ ነበር። አብሯቸው የሚዋጋውን ሰው ይፈሩት ነበር ማለት ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ አምባው ተጠቃ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ራሳቸውን ማጥፋት መረጡ። በዚያ ቀን ላሳዩት ጀብዱ ሁለት ወታደሮች የእንግሊዝ ከፍተኛውን ሽልማት፣ የቪክቶሪያ መስቀልን ተሸለሙ። ሁለቱም የ33ኛው እግረኛ ክፍል ወታደሮች፣ ማለትም ነጮች ነበሩ። ህንዳዊ ወታደር ምንም ቢሠራ ያንን ሽልማት ማግኘት አይችልም ነበር፤ ሕጉ የተከፈተለት በ1911 ነው። መጀመሪያ ያገኙትም የፑንጃቡ ሙስሊም ኹዳዳድ ኻን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1914 ቤልጅየም ውስጥ ከአንድ የባሉች ክፍል ጋር ሆነው በተዋጉት ውጊያ። ከመቅደላ እስከዚያ ቀን 46 ዓመት አለፈ።

ለሁሉም የተሰጠችው የዘመቻ ሜዳሊያዋም ብትሆን ልዩነቱን ተሸክማለች። የእንግሊዛውያኑ ስም በአብዛኛው ከብሩ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ ተደርጎ ተሠራ። የህንዳውያኑ ስም ግን በአብዛኛው ወደ ብሩ ውስጥ ተጠቅጥቆ ተመታ። የተሰጡት ሜዳሊያዎች የባህር ኃይሉን ጨምሮ ወደ 14,000 ናቸው። ወታደሮቹና አጃቢዎቹ ተደምረው ወደ 40,000 ይጠጋሉ። ስለዚህ ውሃውን የቀዱት፣ በቅሎውን የነዱት፣ ሐዲዱን የዘረጉት አብዛኞቹ ሰዎች ስም በማንኛውም ሜዳሊያ ጀርባ ላይ የለም።

የወሎው ሙስሊም የት ነበር?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። መቅደላ ባዶ አምባ አልነበረም። ቴዎድሮስ በ1855 ወሎ ላይ ዘምተው ከመያዛቸው በፊት በወረሂመኖ የማመዶች ኢማሞች ግዛት ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የወሎ ሕዝብ ዘመቻና ቃጠሎ ተፈራረቀበት። ከወሎ ገዥ ቤተሰብ የተወሰዱ መያዣዎች በአምባው ላይ ታስረው ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ሸዋ ሲሄድ ያሳለፈችው የወሎዋ ገዥ ወርቂት ነች። የከፈለችውም ዋጋ ከባድ ነበር፤ በመያዣነት የነበረው ልጇ እዚያው መቅደላ ላይ ተገደለ።

የእንግሊዝ ጦር ሲደርስ የወርቂት ተቀናቃኝ የነበረችው መስተዋት በአምባው ዙሪያ ያሉትን መውጫዎች እንድትዘጋ ተጠየቀች። ሰዎቿም አምባውን ከበቡ። ይህንን የሚያነሱ አንዳንድ ሰዎች «ሙስሊሙ ከወራሪ ጋር ቆመ» የሚል መደምደሚያ ላይ ይቸኩላሉ። «ባንዳ» የሚለው ቃልም አብሮ ይወረወራል።

ይህ ፍርድ ከታሪኩ ግማሹን ቆርጦ የሚጥል ነው። በ1860 ዓ.ም. ለናፒየር መንገድና ስንቅ የሰጠው የትግራዩ ካሣ ምርጫ፣ የኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ ክርስቲያን ነው። የላስታና የዋጉ ጎበዜም ክርስቲያን ነው፤ መንገድ አልዘጋም። የሸዋው ምኒልክም ቀደም ብሎ ከነጦሩ ወደ መቅደላ ቀርቦ ሳይዋጋ ተመልሷል። በዚያን ጊዜ ከቴዎድሮስ ጋር ያልተጣላ ገዥ በአገሪቱ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱም የራሱን ሒሳብ አወራረደ። ለሦስቱ «የፖለቲካ ብልሃት» የተባለው ለወሎዋ ሙስሊም ሴት ገዥ «ክህደት» የሚባልበት ምክንያት የለም። ሚዛኑ አንድ ይሁን ነው የምንለው።

ይህን ስንል ቴዎድሮስን ማሳነሳችን አይደለም። እጅ አልሰጥም ብለው የሞቱ ንጉሥ ናቸው፤ ይህ ክብር አይወሰድባቸውም። በሌላ በኩል በወሎ ላይ የደረሰው ግፍም አይካድም። ሃይማኖታችን ለአንድ ወገን ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያስወጣን ያዘናል፤ ፍቅርም እንዲሁ ሊያስወጣን አይገባም።

ጦሩ ሄደ፣ ጠመንጃው ቀረ

እንግሊዞች አምባውን አቃጥለው ወጡ። ናፒየር «የመቅደላ ሎርድ» የሚል ማዕረግ አገኘ። የተዘረፈውን ንብረት 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ተሸክመው ደላንታ ሜዳ ላይ አደረሱት፤ እዚያም በጨረታ ተሸጠ፤ የተገኘው ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪልም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር።

ወሎን ለረጅም ጊዜ የነካው ግን የተወሰደው ብቻ ሳይሆን የተተወውም ነው። ናፒየር ሲመለስ ለረዳው ለካሣ ጠመንጃና መድፍ ትቶለት ሄደ። ካሣ በዚያ መሣሪያ ተጠናክሮ በ1871 ተቀናቃኙን አሸነፈ፤ በ1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብሎ ነገሠ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ ደሴ አጠገብ ባለችው ቦሩ ሜዳ በተካሄደው ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲቀይሩ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ ዐሊ ሚካኤል ተባሉ። ብዙዎች ተሰደዱ፤ እነ ሸይኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ደግሞ ተቃውሞ አነሡ። ቦሩ ሜዳ የመጣችው በናፒየር ጠመንጃ ብቻ ነው አንልም፤ ምክንያቶቿ ብዙ ናቸው። ግን ከውጭ የመጣ ጦር ጉዳዬን ጨርሼ ወጣሁ ሲል፣ ትቶት የሄደው መሣሪያ የኃይል ሚዛንን እንደሚያዛባና መዘዙ በዘመቻው ባልተጠየቀው ሕዝብ ላይ እንደሚያርፍ ያሳየናል። ይህ ትምህርት ለዛሬው የአፍሪካ ቀንድም አይጠፋም።

ውጫሌ፦ ሁለት ጽሑፍ ያለው ወረቀት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን አልፎ አምባሰል ሲገባ ውጫሌን ያገኛል። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁ በሁለተኛው ወር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክና ጣሊያን የተዋዋሉት በዚህ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ነው። የ17ኛው አንቀጽ ታሪክ የታወቀ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ ምኒልክ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መጻጻፍ ይችላሉ ይላል፤ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። እንግሊዝ በ1891 ከጣሊያን ጋር በፈረመችው ስምምነት ኢትዮጵያን በጣሊያን ተጽዕኖ ክልል ውስጥ አስገባቻት። ነገሩ የተፈታው በዓድዋ ነው። እዚያም ከጣሊያን ጎን የተሰለፉ የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ፤ ከሽንፈቱ በኋላ የተማረኩት ብዙዎቹ እጅና እግራቸውን ተቆርጠዋል። ያዘመታቸው መንግሥት መኮንኖች ግን በምርኮ ቆይተው በድርድር አገራቸው ገቡ።

ውጫሌን ከሜዳሊያው ጋር ያገናኘነው ለዚህ ነው። ያ ውል አንድ ወረቀት ሆኖ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ትርጉም ነበረው። የመቅደላ ሜዳሊያም አንድ ብር ሆኖ ሁለት ገጽ አለው። ፊቱ የንግሥቲቱን ድል ይናገራል። ጀርባው የአንድን ተገዢ ሰው ስም ይዟል። የውጫሌን ውል በአንዱ ቋንቋ ብቻ ያነበበ እንደተታለለ ሁሉ፣ መቅደላንም ከአንድ ወገን ብቻ የሚያነብ ይሳሳታል።

ህንዳዊው ወታደር ራሱ አንድ መልክ ብቻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1941 የህንድ 4ኛና 5ኛ ክፍለ ጦሮች ከረን ላይ ከፋሺስት ጣሊያን ጋር ከባድ ውጊያ አድርገዋል፤ 5ኛው ክፍለ ጦር በዚያው ዓመት ግንቦት አምባ አላጌ ላይ የጣሊያኑ መስፍን እጅ ሲሰጥ ነበረ። በዚያ ጊዜ የመጡት የህንድ ልጆች፣ ከነሱም ውስጥ ብዙ ሙስሊሞች፣ ለነጻነታችን ደማቸውን አፍስሰዋል። አያቶቻቸው በ1868 በጠላትነት መጡ፤ የልጅ ልጆቻቸው በአጋርነት። ሁለቱንም ጊዜ የላካቸው አንድ መንግሥት ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሜዳሊያ ሰጥቷቸዋል፤ የራሳቸውን አገር ነጻነት ግን እስከ 1947 ነፍጓቸዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የመመለሱ ሥራ እየተራመደ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር አስረከበ። በ2021 ከጨረታ የተነሱና ከግል ሰዎች የተገዙ ቅርሶች ተመለሱ። በ2024 በኒውካስል ለጨረታ ቀርቦ የነበረ የመቅደላ ጋሻ ከሽያጭ ተነሥቶ በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ገባ። በብሪቲሽ ሙዚየም የተያዙት ታቦቶችና በብሪቲሽ ላይብረሪ ያሉት የብራና መጻሕፍት ግን ገና ናቸው። ታቦቱ የክርስቲያን ወገኖቻችን ቅዱስ ንብረት ነው፤ ይመለስ ማለት የነሱ ብቻ ሳይሆን የእኛም ጥያቄ ነው። በግፍ የተወሰደ ንብረት ባለቤቱ ማንም ይሁን ለባለ ሐቁ መመለስ እንዳለበት እምነታችን አያጠራጥርም።

ሜዳሊያው ግን ከዚህ ይለያል። ለወታደሩ የተሰጠ ስለሆነ የሱና የቤተሰቡ ነው፤ ይመለስልን አንልም። የምንለው ይነበብ ነው። አንድ ሙዚየም የመቅደላን ሜዳሊያ ሲያሳይ ከዘመቻው ስም በታች ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ሰውየው ከየትኛው የተያዘ አገር እንደመጣ፣ ደመወዙን ማን እንደከፈለ፣ የተዋጋበትም ምድር የማን እንደነበረ። በዝርፊያው ንብረት ዙሪያ የሚደረገው ውይይትም «እንግሊዝና ኢትዮጵያ» በሚለው ብቻ ሳይወሰን ህንድና ፓኪስታን ያሉ የታሪክ ሰዎችንም ቢጋብዝ ክርክራችን ይጠነክራል እንጂ አይደክምም።

ለራሳችን የምንለው ደግሞ ከዚህ ይቀርባል። ህንዳዊው ወታደር ቢያንስ ስሙ በብር ጀርባ ላይ ተመትቶለታል። በ1855 መቅደላ ሲያዝ የሞተው የወሎ ሰው፣ በአምባው ታስሮ ከገደል የተወረወረው እስረኛ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ስሙን የተቀየረው ገበሬ ስሙ የተጻፈው የት ነው? በወረሂመኖ፣ በተንታ፣ በአምባሰልና በቦረና ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁት አለ። በየመስጂዱና በየሐሪማው በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ ቆያሽ መጻሕፍት አሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የየወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችና የየአካባቢው ኡለማዎች ተባብረው ይህን ቢሰበስቡ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ሽማግሌዎቹ ከማለፋቸው በፊት መጀመርን ነው።

የመቅደላ ቅርሶች ሲመለሱ ደስ ይለናል። የሚመለሱት ግን የምድሩ ሕዝብ ታሪክ ወደሌለበት ሳጥን እንዳይሆን ሥራው ከእኛ ይጀምራል። ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ነገር ያለ አንባቢዎች ዛሬውኑ ጻፉት፤ የተናገረውን ሰው ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን ጨምሩበት።